ዐፄ ቴዎድሮስና የመጻሕፍቱ መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ እንፍራዝንና አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ የርብን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ይደርሳል። ወረታ የመንገድ መገንጠያ ከተማ ናት። አንደኛው መንገድ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የፎገራን ሜዳ ለቆ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣና በጋይንት በኩል እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ የቻይና መሐንዲሶች ስለ ሠሩት የአገሩ ሰው የቻይና መንገድ ይለዋል። ይሁን እንጂ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በሚወስደው በዚሁ አቅጣጫ ቻይናውያኑ ከመምጣታቸው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በዲጅኖና በባሩድ ዐለት እያስፈነቀለ መንገድ ያስጠረገ ሌላ መንገድ ሠሪ ነበረ። እርሱም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ተዘፍኗል፤ በመድረክም ታይቷል። ጀግንነታቸው፣ ቍጣቸው፣ መድፋቸውና አሟሟታቸው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚታወቅ ነው። በመጻሕፍት ጥበቃ ሙያ ለተሰማራን ሰዎች ግን ሌላ ገጽታ አላቸው፤ ይኸውም በዘመናቸው በአገሪቱ ከነበሩት የመጻሕፍት ክምችቶች ሁሉ ምናልባት ትልቁን በአንድ አምባ ላይ ያከማቹ ንጉሥ መሆናቸው ነው። ያ ክምችት እንዴት እንደ ተሰበሰበና እንዴት እንደ ተበተነ መናገር የሰውየውን ሕይወት ከዳር እስከ ዳር መናገር ይሆናል። መጻሕፍቱም፣ መድፎቹም፣ ሠራዊቱም ያለፉት በዚሁ በፎገራ ሜዳና ከሜዳው በላይ ባለው ደጋ በመሆኑ ስለ መሬቱ ጥቂት ሳይሉ ወደ ነገሩ መግባት አይቻልም።

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከእርሱ ይመነጫሉ፤ ሁለቱም ወደ ምዕራብ ወርደው ጣና ይገባሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈለቀ የሰሜኑን ደጋ በንብርብር የሸፈነው ባዛልት፣ ከዚያም በኋላ እንደ ጉና ያሉ ተራሮች ያፈሰሱት ዐለት፣ በዝናብና በፀሐይ እየተፈረፈረ ሲደቅ ወንዞቹ ተሸክመው ሐይቁ ዳር ያራግፉታል። ጣናም ራሱ የእሳተ ገሞራ ሥራ አለበት፤ በደቡብ በኩል ፈስሶ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዐለት የውኃውን መውጫ ስለ ገደበው የተኛ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። የሐይቁን ወለል ጭቃ በቱቦ እየቀዱ የመረመሩ ሊቃውንት ጣና ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበረ አንብበውበታል፤ ጭቃውም በእነርሱ እጅ እንደ ብራና ተገልጦ የሚነበብ ሆኗል።

የፎገራ ሜዳ እንግዲህ ወንዞቹና ሐይቁ በብዙ ሺህ ዓመታት ያነጠፉት ደለል ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ያብጥና እንደ ሙጫ ይይዛል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ከሐይቁ ጋር አንድ ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ የደረሰው የጎርፍ አደጋ ከቅርቡ ትዝታ ያልጠፋ ነው። ዛሬ የወረታ አካባቢ በሩዝ ምርቱ የታወቀው፣ የፎገራ ከብትም በወተቱ ስም ያተረፈው በዚሁ ውኃና አፈር ምክንያት ነው። ለቀድሞው ዘመን ሠራዊትና ነጋዴ ግን ይህ ሜዳ ሌላ ትርጕም ነበረው፤ በክረምት የማይታለፍ፣ በበጋ ግን ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄድ ጭነት ሁሉ የተደላደለ ጐዳና ነበረ። በሰሜኑ ጫፍ የይፋግ ገበያ ይቆም ነበር፤ የርብንም የድንጋይ ድልድይ ትውፊት ለዐፄ ፋሲል ዘመን ይሰጠዋል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ገዦች ወገን ነበረ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ግን ባሏ ከሞተ በኋላ በድኽነት ወድቃ በጎንደር ከተማ ኮሶ እየሸጠች እንደ ኖረች ይነገራል። ይህ የኮሶ ነገር ጠላቶቹ የሰደቡት ስድብ ይሁን እውነት፣ ካሳ እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ ያልወጣ ቍስል እንደ ነበረ ሥራው ሁሉ ይመሰክራል። ልጁ ለትምህርት የተሰጠው በጎንደርና በጣና መካከል ላለው ለጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። በዚያም ንባብና ዳዊት ተማረ። ከዕለታት አንድ ቀን በመሳፍንቱ ጦርነት የተሸነፈ ሠራዊት ገዳሙን ወርሮ ሲያቃጥል፣ ሕፃናቱንም ሲፈጅ፣ ካሳ አምልጦ ከሞት ተረፈ። የመጻሕፍት ቤት ሲቃጠል ያየው እንግዲህ በልጅነቱ ነው። ይህ ትዝታ በኋላ ዘመን መጻሕፍትን በማይደፈር አምባ ላይ ለማኖር አሳስቦት እንደ ሆነ ማን ያውቃል? እኔ እንደ ሆነ ያሰበው ይመስለኛል።

ከገዳሙ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጥኖ ይሄዳል። በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሙያ ተማረ፤ ከክንፉ ሞት በኋላ በቋራ በረሓ ሸፈተ፤ ኃይሉ እየበረታ ሲሄድ የራስ ዐሊ እናት እቴጌ መነን የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥሞ በመድፍ ተሸነፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድፍ ከአሳቡ አልተለየም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል የራስ ዐሊን ኃይል ሰበረ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ማርኮ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ዘመን ያበቃው በዚያ ቀን ነው ይባላል፤ ቢያንስ በስም አብቅቷል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደርን አልወደዷትም። ነገሥታቱ በቤተ መንግሥታቸው ታስረው እንደ አሻንጉሊት የኖሩባት፣ ካህናቱና ሊቃውንቱ በሃይማኖት ክርክር የተከፋፈሉባት ከተማ ለእርሳቸው የድካም ምልክት ነበረች። መቀመጫቸውን ራስ ጉግሣ በቈረቈሩት በደብረ ታቦር አደረጉ፤ ከዚያም ይልቅ ሕይወታቸው በድንኳን ውስጥ ነበረ። በ1848 ዓ.ም. ከወሎ መሳፍንት የወሰዱትን የመቅደላን አምባ ደግሞ ግምጃ ቤትና ወህኒ ቤት አድርገው አጸኑት። መቅደላ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን በገደል የታጠረ፣ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ የባዛልት አምባ ነው። በዚያም ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚሆን የመጻሕፍት ክምችት ለማቋቋም አሰቡ።

መጻሕፍት መውደዳቸው የሚያስገርም ቢመስልም በሥራቸው የታየ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል ይጻፍ የነበረው በግእዝ ሲሆን የእርሳቸው ታሪክ በአማርኛ ተጽፏል፤ አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የጻፏቸው ታሪኮች የአማርኛን የስድ ንባብ ጽሑፍ ከፍ ካደረጉት ሥራዎች መካከል ናቸው። ደብዳቤያቸውንም በአማርኛ ያጽፉ ነበር። ጠባቸው ከመጻሕፍት ጋር ሳይሆን መጻሕፍቱን ከያዙት ጋር ነበረ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ የተረፈው መሬት ለሠራዊት ቀለብ ይሁን አሉ። ካህናቱ ይህን አልተቀበሉም። ከዚያ በኋላ የነበረው ጠብ እስከ መጨረሻው አልበረደም፤ አቡነ ሰላማ ራሳቸው በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዚያው ሞቱ።

መሬትና መጽሐፍ በአገራችን እንደ ተለያዩ ነገሮች አይታዩም። የጎንደር ዘመን መጻሕፍት ባዶ ቅጠላቸውና ኅዳጋቸው በጉልት ድልድል፣ በርስት ሽያጭ፣ በውርስና በስጦታ ውል የተሞላ ነው። ወንጌሉ የሚነበብበት ብራና የመሬቱም መዝገብ ነበረ። ውሉ በመጽሐፍ ላይ የሚሰፍረው ከመጽሐፉ ቅድስና የተነሣ ማንም እንዳይፍቀው ነው። ስለዚህም አንድ ደብር መጽሐፉን ሲያጣ ጸሎቱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ያጣል። ይህን ልብ ያላለ ሰው በ1859 ዓ.ም. በጎንደር የተፈጸመውን ነገር ግማሹን ብቻ ያያል።

በእነዚያ ዓመታት የንጉሡ ነገር እየከፋ ሄዶ ነበር። የሚወዷቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞተዋል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቀረ፤ በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮን ታሰረ። እርሱን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ከፎገራ በስተ ደቡብ በጣና ዳር ባለችው በቆራጣ ለጥቂት ወራት ተቀመጠ። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ሲሆን በ1853 እ.ኤ.አ. በነነዌ ፍርስራሽ የንጉሥ አሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት ቆፍሮ በሺህ የሚቈጠሩ የሸክላ ጽላቶችን ያወጣ፣ ከዓለም ጥንታውያን ቤተ መጻሕፍት አንዱን ለዓለም የገለጠ ሰው ነበረ። ይህ ሰው መቅደላ ላይ ታስሮ ሳለ ሌላ ንጉሥ በዚያው አምባ መጻሕፍት ያከማች ነበር፤ የዚያም ክምችት ፍጻሜ ጽላቶቹ ወደ ተወሰዱበት ወደዚያው ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ሆነ።

በኅዳር 1859 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በግስጋሴ ጎንደር ገቡ። ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ዋልካ ደርቆ፣ ርብም ጎድሎ የሚሻገሩበት ወራት ነበረ፤ ከተማይቱ ሳትሰማ ደረሱባት። ጎንደር የሸፈቱባቸውን ታስጠጋለች፣ ካህናቷም ልባቸው ከጠላት ጋር ነው ብለው ቈርጠው ነበር። ሠራዊቱ ቤቱን ሁሉ በረበረ፤ ከተማይቱ ተቃጠለች፤ አርባ አራቱ ታቦታት ከሚባሉት አድባራት እሳቱን ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የወርቅና የብር መስቀሉ፣ ጽናው፣ ከበሮው፣ መጋረጃው ተጫነ። መጻሕፍቱም ከየዕቃ ቤቱ ወጥተው ተጫኑ።

እዚህ ላይ የሙያ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። መጽሐፍን ለእሳት የሰጠ ሰው አልነበረም፤ አስቀድሞ አውጥቶ ጭኖታል። መጻሕፍቱ በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የጎንደር ጸሓፍትና ሠዓልያን ከሠሯቸው እጅግ የተመረጡት ነበሩ፤ ተአምረ ማርያም፣ ራእየ ዮሐንስ፣ ድርሳን፣ ገድል፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ የሕግና የታሪክ መጽሐፍ። ብራናው በገበታ የተጠረዘ፣ በቆዳ የተለበጠ፣ በማኅደር የገባ ነው። አንድ ትልቅ የድጓ ወይም የስንክሳር ጥራዝ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ይህን ሁሉ ማጓጓዝ ስንት አጋሰስና ስንት በቅሎ እንደ ጠየቀ መገመት ይቻላል። ምርኮው ወደ ደብረ ታቦር ሲወርድ መንገዱ ያው የቀድሞው ነበረ፤ በእንፍራዝ በኩል፣ ርብን ተሻግሮ፣ የፎገራን ሜዳ ዳር ይዞ፣ ከዚያ ሽቅብ። ወራቱ ክረምት ቢሆን ኖሮ ግማሹ ብራና በዋልካው ጭቃ ውስጥ ይቀር ነበር።

የሜዳው ሰው ግን ከመጻሕፍቱ በኋላ የመጣውን አልረሳም። በቀጣዩ ዓመት የንጉሡ ግዛት ጠብቦ ከደብረ ታቦር ዙሪያ ሲወሰን ሠራዊቱ ቀለቡን የሚያገኘው ከበጌምድር ገበሬ ብቻ ነበረ። ጎተራው ተራቈተ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ገበሬውም መሬቱን ጥሎ ሸሸ። የሐይቁ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ የዳር አገር ሰው ንብረቱንና ንዋየ ቅድሳቱን የሚያስጠጋባቸው መሸሸጊያዎች ነበሩ፤ ታንኳ የሌለው ጠላት አይደርስባቸውም። በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው የምጽራሃ ደሴት ግን በ1859 ዓ.ም. ከንጉሡ እጅ አላመለጠችም፤ ሰዎቿ አለቁ፣ የተከማቸውም ንብረት ተዘረፈ። የታላቁን ንጉሥ አሳብ የምናደንቅ ሁላችን ይህንንም አብረን ልናነበው ይገባናል፤ አገር አንድ ለማድረግ የተነሣው ክንድ በመጨረሻው ዘመኑ በደረሰበት ሁሉ የአገሩን ሰው ሲያጠፋ ነበረና።

በዚያው ጊዜ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። በመስከረም 1860 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከመጻሕፍቱ በፊትም ሆነ በኋላ ወደ መቅደላ የወጣ ዕቃ ሁሉ የሚያልፈው በዚያው ደጋ ነው፤ ይህ ጉዞ ግን ከሁሉ የከበደ ነበረ። በጋይንት፣ በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሖር በኩል አድርጎ ወደ ጅዳ ገደል ይወርዳል፤ ከጅዳ ወደ ደላንታ አምባ ይወጣል፤ ደግሞ ወደ በሽሎ ይወርዳል። ሁለቱም ገደሎች ከአፋፍ እስከ ወለል 1,000 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ባዛልቱ በደረጃ በደረጃ የተነባበረ በመሆኑ ቍልቍለቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ዐለት ቀጥ ብሎ ይቆምና ቀጥሎ ጠባብ መደብ ይመጣል፣ እንደ ገናም ዐለት። ዐለቱን በባሩድ እየሰነጠቁ፣ ድንጋዩን በእጅ እየፈነቀሉ፣ መድፉን በጠፍር ወደ ኋላ እየያዙ አወረዱት፤ ወደ ላይም ጐተቱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ለአንድ ፈረሰኛ የጥቂት ቀናት መንገድ የሆነው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በመጋቢት መቅደላ ሥር ደረሱ። በኋላ ያዩት የእንግሊዝ መሐንዲሶች የመንገዱን ሥራ አድንቀዋል፤ እኔም ከንጉሡ ሥራዎች ሁሉ ያለ ጥርጥር ሊደነቅ የሚገባው ይህ ነው እላለሁ።

ከሌላው አቅጣጫ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ያለው ጦር ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ወገን 700 ያህል ሰዎች ወደቁ። ያን ያህል የተደከመበት የመድፍ ኃይል በዚያ ቀን አልረዳም። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጅ መስጠትን ግን እንቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሲሰብሩ በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አልሞላም ነበር። የመጨረሻ ሚስታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመንገድ ሞቱ፤ ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ አረፈ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው።

መቅደላ በተያዘ ዕለት ወታደሮቹ ግምጃ ቤቱን ሰብረው ገቡ። ሥዕሉ፣ አክሊሉ፣ ጽዋው፣ ልብሰ ተክህኖው፣ መጽሐፉ በየሰው እጅ ገባ። ብራናው በአምባው ላይ ተበታትኖ ነበር። በኋላ ጦሩ አምባውን አቃጥሎ ሲወርድ ምርኮውን 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተሸክመው በሽሎን ተሻገሩ፤ በደላንታ አምባ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተደርጎ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር ከብሪታንያ ቤተ መዘክር የተላከ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ነበረ፤ ለቤተ መዘክሩ ከገዛው የሚበዛው መጽሐፍ ነበረ። ከክምችቱ፣ አንድ ሺህ ያህል ጥራዝ እንደ ነበረ ይገመታልና፣ 350 ያህሉ ለንደን ገባ። ሌላው በወታደርና በመኰንን እጅ ተበተነ፤ የተመረጡ ጥቂቶች ለንግሥቲቱ ተሰጥተው ዊንዘር ገቡ፤ ሆልምስም ራሱ በኋላ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ሹም ሆነ። የቀሩትን፣ 600 ያህል ናቸው ይባላል፣ ናፒየር በመልስ ጉዞው ለአብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም በትግራይ ላለው ለጨለቆት ሥላሴ ሰጠ። እንግዲህ ከጎንደር የወጡት መጻሕፍት አብዛኞቹ ወደ ጎንደር አልተመለሱም።

ከዚያው ጦር ጋር ሌላም ዓይነት ሰብሳቢ ነበረ። ዊልያም ብላንፎርድ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ በየመንገዱ ድንጋዩን እየመረመረ ሄዶ በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የደጋውን የባዛልት ንብርብር በሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን በሐይቁ ስም የአሸንጌ፣ የላይኛውን የመቅደላ ወገን ብሎ ሰየመው። የንጉሡ የመጨረሻ አምባ በዚህ ዓይነት የድንጋይ ስም ሆኖ በሥነ ምድር መጻሕፍት ገባ። ቴዎድሮስ ስድስት ወር ሙሉ በባሩድ የታገሉትን ዐለት አንድ መንገደኛ በእርሳስ ጽፎ ወሰደው ማለት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ የአገሩ ሕግ በእርሱ ውስጥ ስላለ ያለ እርሱ ሕዝቡ አይታዘዝም የሚል አሳብ ነበረበት። ከመቅደላ ከሄዱት ሁለት ቅጅዎች አንዱ ተመለሰ፤ በኋላም በአዲስ አበባ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ። ለሌሎቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ እስካሁን መልስ አላገኘም። ቤተ መዘክሩ መጻሕፍቱን በ1877 እ.ኤ.አ. በዊልያም ራይት እጅ አስቈጥሮ ዝርዝራቸውን አሳተመ፤ በ1965 ዓ.ም. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ራሱን ችሎ ሲቋቋም ክምችቱ ወደዚያ ተዛወረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት የመሩት ሪታ ፓንክኸርስት በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ያሳተሙት ጥናት፣ የሙያችን ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው።

ለንደን ከገቡት መካከል ብዙዎቹ የጎንደርን አድባራት ስም በኅዳጋቸው የያዙ ናቸው። የመሬት ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት የጎንደርን ዘመን የጉልት ውሎች፣ የሻጭና የገዢ ስም፣ የምስክርና የዳኛ ዝርዝር ሁሉ ያገኙት ከእነዚሁ ቅጠሎች ነው። ሊቃውንቱ ምሥጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በእንፍራዝ ወይም በፎገራ ዳር ያለ ገበሬ አያቶቹ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ለማን ግብር እንደ ከፈሉ ማወቅ ቢፈልግ መዝገቡ ያለው በሌላ ሰው አገር ነው። ስለ መቅደላ ምርኮ ስንናገር እንግሊዝን ብቻ መውቀስ ይቀናናል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ለእኔ ግን መጻሕፍቱ የመጀመሪያ ባለቤታቸውን ያጡት በደላንታ ጨረታ ሳይሆን በኅዳር 1859 ዓ.ም. በጎንደር ነው። ሁለቱንም መዝግበን ካልያዝን፣ አንድ ቀን ሲመለሱ ለማን እንደሚመለሱ ለመወሰን እንቸገራለን፤ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ነው ወይስ ለጎንደር አድባራት? ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው እምብዛም አላየሁም።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከመቅደላ የሄደው የንጉሡ ቍንዳላ ከለንደን የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መጻሕፍቱ ግን አሁንም በለንደን ናቸው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በቅርብ ዓመታት ቅጠል በቅጠል ፎቶግራፍ ተነሥተዋል።